የጨው ልክ

ጆንጁ ከተማ ውስጥ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
የእናቴ ጓዳ አለ፣ ከፀሐይ ተጋርዶ።
ታቹ የተበሳሳ ሸክላ፣ በሸክላው ላይ ጥቁር ጨርቅ፣
ከጨርቁ ሥር አኩሪ አተር፣ ሲሳብ፣ ሲንጠራራ፣ ሲረቅ።
በየአራት ሰዓቱ ውሃ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሳይቀር፤
አምፖል ሳታበራ ትሄዳለች፣ ግድግዳውን ዳብሳ እስከ በር።
በቅል ትቀዳለች፣ ታፈሳለች፤
ጠብ ጠብ ሲል አዳምጣ ጤንነቱን ታውቃለች።
«ብርሃን ያየ በቆልት የሞተ ነው» ትላለች፤
«አናቱ ይለመልማል፣ ይመራል፤
ያን ማን ይገዛዋል?»

እኔ የኦክ-ቡን ልጅ፣ በዚያ ጨለማ ያደግሁ፣
ሱዎን ሄጄ ተምሬ፣ ብርሃን መመጠን ለመድሁ።
ነጭ ካባ ለብሼ፣ በመስታወት ሣጥን ፊት፣
ሰማያዊ አምፖል አበራለሁ ለቡቃያ ሕፃናት፤
ስድስት ሰዓት ብርሃን፣ አሥራ ስምንት ሰዓት ጨለማ፣
አንዱ ትሪ ብርድ ይንካው፣ ሌላው በጨው ውሃ ይጠማ፤
ቅጠሉ ሲደነግጥ፣ ሥሩ ሲጨነቅ፣
ከውስጡ መድኃኒት ያመነጫል፣ ራሱን ሊጠብቅ።
ለራሱ ያበጀው ጋሻ ለበላው ሰው ይተርፋል፤
ያን ነው የምለካው፤ በሚሊግራም ሲጻፍ ያምራል።
ጨው ከበዛ ይሞታል። ካነሰ ደግሞ ምንም።
ሥራዬ ይኸው ነው፣ በሞትና በምንም መካከል መቆም።

ባለፈው የበረዶ ወር ለእረፍት ቤት መጣሁ፤
እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት አንዱን ጨርቅ ገለጥሁ።
አምፖሌን ከሻንጣ አውጥቼ፣ ቁንጥር ጨው በጥብጬ፣
ሌሊቱን አጠጣሁት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ።
በሦስተኛው ቀን ቢጫው ራስ አረንጓዴ ሆነ፤
ግንዱ አጠረ፣ ወፈረ፣ እንደ ጎረምሳ አንገት ደነደነ።

ፒዮ ማንሶክ፣ ማታ ለጠጣ ሰው ማለዳ ሾርባ የሚሸጥ፣
ቅርጫቱን ከብስክሌቱ አወረደ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።
«አርባ ዓመት ገዛሁሽ፤ እንዲህ ያለ ሸጠሽልኝ አታውቂም፤
የኔ ደንበኛ ራሱን ነው የሚያመው፤ መራራ አይጨመርለትም።»

እናቴ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ።
ዝምታው ሲከብደኝ ጊዜ፣ አስተማሪ ሆኜ አረፍሁ፦
«አልተበላሸም፣ እማዬ፤ መከራ ነው ያበለጸገው፤
ጨውና ብርሃኑ ነው መድኃኒት ያደረገው።
ልክ እንዳንቺ ነው፤ አባቴ ሞቶ፣ ቧንቧው ግግር በረዶ ሆኖ፣
ከወንዝ ውሃ ስትቀጂ፣ እጅሽ በቅዝቃዜ በድኖ፤
ያ አይደል ያጠነከረሽ?»

አልሳቀችም። አልተቆጣችም። ቅሉን ከጉልበቷ አወረደች፤
«ጨው ምን ያህል ጨመርሽበት?» ብላ ጠየቀች።
«ሁለት ግራም ለሊትር።»
«ቢጨመርስ?»
«ይሞታል።»
«ማን ነው ‹ይብቃው› የሚለው?»
«እኔ ነኛ። ይለካል።»

«እንግዲያው ከኔ ጋር አታመሳስዪው። ለኔ ማንም አልለካልኝም።
ቆሞ ‹በቃት› የሚል አልነበረም።
ጎረቤቴ ማንግኔም ያንኑ ውሃ ተሸክማለች፤
እሷን አላጠነከራትም። በሦስተኛው ዓመት ተቀብራለች።
እኔ ደግሞ፣ ጠያቂ ቢኖር፣ ከጨርቁ ሥር በቀረሁ፤
ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ሆኜ፤ መራራውን መቼ ፈለግሁ?»

ምን ይባላል? ሰንጠረዤ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።
ቅርጫቱን ወደ ጓዳ ወሰድሁ፤ ቃል አልተነፈስሁም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነቃሁ፤ ጠብታው አልሰማ አለኝ፤
ጓዳውን ብከፍተው፣ ያ ሰማያዊ ብርሃን ረጨብኝ።
እሷ በርጩማዬ ላይ፣ ሳህን በጉልበቷ አኑራ፣
አረንጓዴውን በሆምጣጤ አሽታ፣ ሰሊጥ ነስንሳ ከቃሪያ ጋራ፣
ብቻዋን ትበላለች። ሌሎቹ ሸክላዎች ከነጨርቃቸው።
«ለሾርባ አይሆንም» አለች፣ ዞር ሳትል። «ፒዮ እውነቱን ነው።»
መራራው ምላሷን ሲይዛት ፊቷን ጭምድድ አደረገች።
ጥቂት ቆየች።
ደግማ ጎረሰች።